ጥያቄና መልስ፦ ለመተግበሪያ አበልጻጊ የሚሆን ስልክ በሌላ ስርዓተ ክወና ስለ ማዘጋጀት

የዚህ ወር ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ከፋብሪካ ተጭኖ የመጣውን ስርዓተ ክወና ከስማርት ስልክ ላይ አንስተው በሌላ ለመተካት፣ ከዚያም ስልኩን መተግበሪያ ለመሥራትና ለመፈተሽ ለማዋል የሚፈልጉ አንባቢዎች በርክተዋል። ተመሳሳይ ይዘት ያላቸውን ደብዳቤዎች አንድ ላይ አጠቃልለን፣ ማብራሪያ የሚሹትን በስፋት፣ አጭር መልስ የሚበቃቸውንም ባጭሩ እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ በኮትሊን የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን መጻፍ ከጀመርኩ ቆየሁ። እስካሁን የምፈትሻቸው ኮምፒውተሬ ላይ ባለው ኢሙሌተር (ስልክን በሚያስመስለው ፕሮግራም) ነው። አሁን ያገለገለ ስልክ ገዝቼ የጉግል አገልግሎት የሌለበት ስርዓተ ክወና ልጭንበት አስቤያለሁ፤ ጓደኞቼ ግን ትርፉ ድካም ነው ይሉኛል። በእርግጥ ጥቅም አለው? ካለውስ የትኛውን ስርዓትና የትኛውን ስልክ ልምረጥ?

መልስ፦ ጓደኞችዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ስልክ እንደሚያስፈልግዎት አያከራክርም። ኢሙሌተር በኮምፒውተርዎ ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ስለሚሠራ፣ ሜሞሪ ሲጠብ ስርዓቱ ከጀርባ ያለውን መተግበሪያ እንዴት እንደሚዘጋው፣ ስልኩ ሲግል ፍጥነቱ እንዴት እንደሚወርድ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአንድሮይድ 6 ጋር የመጣው ዶዝ የተባለው ባትሪ ቆጣቢ አሠራርም ከጀርባ የሚካሄደውን ሥራ ምን ያህል እንደሚያዘገየው በልኩ አያሳይዎትም። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ማንኛውም ስልክ ያሳይዎታል። ስለዚህ መመዘን ያለብዎት ስርዓቱን መቀየሩ በዚህ ላይ ምን ይጨምራል የሚለውን ነው።

የሚጨምረው አንድ ትልቅ ነገር ነው፤ መተግበሪያዎ ሳይታወቅዎት በጉግል አገልግሎቶች ላይ ምን ያህል ተደግፎ እንደቆመ ይገልጥልዎታል። የአንድሮይድ ምንጭ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በየመደብሩ የሚሸጡት አብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች ግን በዚህ ክፍት መሠረት ላይ ጉግል ፕሌይ ሰርቪስስ የተባለ፣ ምንጭ ኮዱ ያልተገለጠ ሶፍትዌር ተጭኖባቸው ይመጣሉ። ፋየርቤዝ በተባለው የጉግል አገልግሎት በኩል የሚላክ ማሳወቂያ፣ ፊውዝድ ሎኬሽን በተባለው መንገድ የሚገኝ የአካባቢ መረጃ፣ የጉግል ካርታ፣ በመተግበሪያ ውስጥ የሚፈጸም ግዢ፣ እነዚህ ሁሉ ከክፍቱ አንድሮይድ ሳይሆን ከዚህ ተጨማሪ ሶፍትዌር የሚገኙ ናቸው። መተግበሪያዎን ይህ በሌለበት ስልክ ላይ ከፍተው የስርዓቱን መልእክቶች የሚመዘግበውን ሎግካትን ሲመለከቱ፣ ጉግል ፕሌይ ስቶር እንደታጣ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ መስመር በመስመር ሲደረደር ያያሉ። ተጠንቅቆ የተጻፈ መተግበሪያ አገልግሎቱ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ ይጠይቅና፣ ከሌለ ወደ አንድሮይድ የራሱ ሎኬሽን ማናጀር ይዞራል፤ ለማሳወቂያም እንደ ዩኒፋይድ ፑሽ ያለ አማራጭ ወይም ከራሱ ሰርቨር ጋር የሚያገናኘው መስመር ይኖረዋል። ሳይጠነቀቁ የጻፉት ግን እንደተከፈተ ይዘጋል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የማይዘጋው ነው፤ ሁሉም ደህና መስሎ ይከፈትና ማሳወቂያው ብቻ ሳይደርስ ይቀራል፤ ተጠቃሚውም መልእክት ያልደረሰው ማንም ስላልጻፈለት ይመስለዋል።

ይህን ለማየት ግን የግድ ገንዘብ ማውጣት አይኖርብዎትም። አንድሮይድ ስቱዲዮ ለኢሙሌተሩ የሚያወርዳቸው የስርዓት ምስሎች (ለመጫን የተዘጋጁ የስርዓቱ ፋይሎች) በሦስት ይከፈላሉ፤ ፕሌይ ስቶር ያለበት፣ ፕሌይ ስቶር ሳይኖርበት የጉግል አገልግሎቶችን የያዘ፣ እንዲሁም ሁለቱም የሌሉበት ንጹሕ አንድሮይድ። ብዙዎች መጀመሪያ የቀረበላቸውን መርጠው ያልፋሉ። ሦስተኛውን ያውርዱና መተግበሪያዎን በእሱ ላይ ያስኪዱት። እዚያው ከወደቀ መጀመሪያ ያንን ያስተካክሉ፤ የስልኩ ግዢ ይቆይ። እዚያ በደህና ካለፈና ባትሪውን፣ ካሜራውን፣ ሴንሰሮቹን፣ ለሰዓታት ከጀርባ የሚካሄደውን ሥራ መፈተሽ ከቀረዎት፣ ያን ጊዜ ስልኩ ዋጋውን ይመልሳል።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ ሰዎች በተደጋጋሚ የሚስቱት ቅደም ተከተሉን ነው። ስልኩን አስቀድመው ይገዙና የሚስማማውን ስርዓት ሲፈልጉ ይከርማሉ። መሆን ያለበት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መጀመሪያ ስርዓቱን ይምረጡ፣ ቀጥሎ ስርዓቱ በይፋ የሚደግፋቸውን ስልኮች ዝርዝር ይመልከቱ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ የሚያገኙትን ይግዙ። ለእርስዎ ዓላማ ተገቢ ሆነው የሚታዩኝ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሊኒየጅ ኦኤስ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 የተቋረጠውን ሳያኖጅን ሞድን የተካው ይህ ስርዓት የብዙ አምራቾችን ስልኮች ይደግፋል፤ የጉግል አገልግሎቶችም ሳይኖሩበት ይጫናል። ሁለተኛው ግራፊን ኦኤስ ሲሆን፣ የሚጫነው በጉግል ፒክስል ስልኮች ላይ ብቻ ነው፤ በደኅንነት ረገድ ግን ከእሱ የሚስተካከል አላውቅም፤ ከተፈለገም የጉግል አገልግሎቶችን ያለ ልዩ ሥልጣን፣ እንደ ማንኛውም ተራ መተግበሪያ ታጥረው እንዲሠሩ ያደርጋል። ይህ ለአበልጻጊ የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም፤ በአንዱ የተጠቃሚ መለያ የጉግል አገልግሎት ጭነው በሌላው ሳይጭኑ፣ በአንድ ስልክ ሁለቱንም ሁኔታ ጎን ለጎን መፈተሽ ይችላሉ። በሊኒየጅ ኦኤስ ላይ የተመሠረተው ኢ ኦኤስ ማይክሮጂ የተባለውን የጉግል አገልግሎቶች ምትክ አብሮ ይዞ ስለሚመጣ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ይመቻል፤ እርስዎ የሚሹት ግን አገልግሎቱ ሲታጣ የሚሆነውን ማየት ስለሆነ ምትኩ እንዲያውም እውነቱን ይሸፍንብዎታል።

ስልኩን ሲገዙ በማስታወቂያ የሚጠራበት ስም አይበቃም። በአንድ ስም የሚሸጡ ስልኮች ለተለያዩ ገበያዎች በተለያየ ፕሮሰሰር ሊሠሩ ስለሚችሉ፣ የሚያመሳክሩት በቅንብሮች ውስጥ የሚገኘውን የሞዴል ቁጥር ነው። ሊኒየጅ ኦኤስም ስልኮቹን በኮድ ስም ይለያቸዋል፤ ለምሳሌ ፒክስል 6 ኦሪዮል፣ ፒክስል 6 ፕሮ ደግሞ ሬቨን ይባላሉ፤ የአንዱ ፋይል ለሌላው አይሆንም። ከዚህ በላይ ወሳኙ ቡትሎደሩ፣ ማለትም ስልኩ ሲበራ ስርዓቱን የሚያስነሳውና ሌላ ስርዓት እንዳይጫን የሚቆልፈው ፕሮግራም፣ መከፈት መቻሉ ነው። ስልኩ የማንኛውንም ኦፕሬተር ሲም ካርድ ይቀበላል ማለት ቡትሎደሩ ይከፈታል ማለት አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ቁልፎች ናቸው፤ ሻጮችም ክፍት ነው ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ ሲሙ ነው። ሁዋዌ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የመክፈቻ ኮድ መስጠት አቁሟል፤ ሻኦሚ አካውንት አስከፍቶ ያስጠብቃል፤ በአንዳንድ ኦፕሬተሮች በኩል የተሸጡ ፒክስሎችም ጨርሶ አይከፈቱም። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ስልኩን በእጅዎ ይዘው የገንቢ አማራጮችን (አከፋፈቱን ከታች ይመልከቱ) ይክፈቱና ኦኢኤም መክፈቻ የሚለውን ማብሪያ ይንኩት። ስልኩ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶም ማብሪያው ደብዝዞ አልንቀሳቀስ ካለ ያንን ስልክ ይተዉት።

አንድ ነገር ልጨምር። እንደ ሊኒየጅ ኦኤስ ያለ ስርዓት አምራቹ የተወውን አሮጌ ስልክ በአዲስ አንድሮይድ ሊያስነሳው ይችላል፤ ነገር ግን የሞደሙና የሌሎች ክፍሎች ፈርምዌር (ክፍሎቹን ከውስጥ የሚያሠራው ሶፍትዌር) ከአምራቹ እጅ ብቻ የሚወጣ በመሆኑ፣ አምራቹ ድጋፉን ባቆመበት ቀን እዚያው ይቆማል። ለመፈተሻ ብቻ ከሆነ ይህ አያስጨንቅም። ስልኩን ለግል ጉዳይም የሚጠቀሙበት ከሆነ ግን ረጅም ድጋፍ ያለውን መምረጥ ይበጃል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ፒክስል 8 ወዲህ ያሉት ዋና ዋና ፒክስሎች የ7 ዓመት ዝማኔ ቃል ተገብቶላቸዋል።

ጥያቄ፦ ስልኬ ሊኒየጅ ኦኤስ ከሚደግፋቸው አንዱ ነው። መመሪያውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ስልኩን እንዳልገድለው ፈርቼ እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። አደጋው የቱ ጋ ነው? ሥራውስ በምን ቅደም ተከተል ይሄዳል?

መልስ፦ ፍርሃትዎ መሠረት አለው፤ ሆኖም ብዙ ሰው የሚፈራው ከአደጋው ቦታ ራቅ ብሎ ነው። ስርዓቱ በመጫን ላይ ሳለ ኬብሉ ቢነቀል ወይም መጫኑ ቢከሽፍ ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ አይሞትም፤ ቡትሎደሩ ስላልተነካ ወደ ፋስትቡት (ቡትሎደሩ ከኮምፒውተር በኬብል ትእዛዝ ወደሚቀበልበት ሁኔታ) ገብቶ እንደገና መጀመር ይቻላል። ስልክ ላይመለስ የሚሞተው በአመዛኙ የሌላ ሞዴል ፈርምዌር ሲጻፍበት ወይም የአምራቹ ያልሆነ ስርዓት ተጭኖበት ሳለ ቡትሎደሩ መልሶ ሲቆለፍ ነው። ወደ አሮጌ ስሪት መመለስም የራሱ ወጥመድ አለው። ለምሳሌ ፒክስል 6፣ 6 ፕሮና 6ኤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን አንድሮይድ 13 ከጫኑ በኋላ ቡትሎደራቸው ወደ አንድሮይድ 12 እንዳይመለስ ተደርጎ ተሠርቷል።

በመሆኑም ሥራው የሚጀምረው ከመመለሻው ነው። የስልክዎን ሞዴል ከፋብሪካ የወጣበትን ሙሉ የስርዓት ምስል አስቀድመው አውርደው፣ የፋይሉን ሻ 256 አሻራ (ፋይሉ አለመለወጡን የሚያሳየውን ቁጥር) አምራቹ ከጻፈው ጋር አመሳክረው፣ በኮምፒውተርዎ ያስቀምጡ። ጉግል የፒክስሎችን ምስል በይፋ ያወጣል፤ ይህን የማያደርጉ አምራቾችም ስላሉ ምስሉን ያላገኙለትን ስልክ ባይነኩት ይሻላል። ከዚያ ምትኬ ይያዙ፤ ቡትሎደሩ ሲከፈት በስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋልና። ፎቶና ስልክ ቁጥር ማንም አይረሳም፤ የሚረሳው የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ ኮድ የሚያወጣው መተግበሪያ ነው። እሱን ወደ ሌላ ስልክ ሳያዛውሩ ከጠረጉት ወደ ራስዎ አካውንቶች መግቢያ ያጣሉ።

ስልኩን ከኮምፒውተር ለማዘዝ የሚያገለግሉትን ኤዲቢና ፋስትቡት የተባሉትን መሣሪያዎች ጉግል ከሚያቀርበው ጥቅል ያውርዱ፤ በአንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ውስጥ የሚገኙት ያረጁ ስለሚሆኑ አዳዲስ ስልኮችን አያውቋቸውም። በስልኩ ላይ፣ ስለ ስልኩ ከሚለው ገጽ የግንብ ቁጥር የሚለውን 7 ጊዜ ሲነኩ የገንቢ አማራጮች ይከፈታሉ፤ እዚያ ኦኢኤም መክፈቻንና የዩኤስቢ ማረሚያን ያብሩ። ቀጥሎ ስልኩን ወደ ቡትሎደር አስነስተው ከኮምፒውተሩ ፋስትቡት ፍላሺንግ አንሎክ የሚለውን ትእዛዝ ይላኩ፤ አንዳንድ አምራቾች ግን የራሳቸው ኮድና መንገድ አላቸው። በዚህ ጊዜ ስልኩ ራሱ ማረጋገጫ ይጠይቃል። በፒክስል ላይ አስቀድሞ ተመርጦ የሚታየው አለመክፈት የሚለው ነው፤ በድምፅ ቁልፍ ምርጫውን ይቀይሩና በማብሪያ ቁልፍ ያጽድቁ። ንክኪ እዚያ አይሠራም፤ ስክሪኑን ሲነካኩ ስልኩ ደርቋል ብለው የሚደነግጡ ጥቂት አይደሉም። ስልኩ ተጠርጎ ሲነሳ በየማስነሻው፣ ቡትሎደሩ ክፍት ስለሆነ የሶፍትዌሩ ትክክለኛነት ሊረጋገጥ እንደማይችል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ቡትሎደሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ይኸው ይቀጥላል።

ከዚህ በኋላ በስልክዎ መመሪያ ላይ በተጻፈው ፓርቲሽን (የማከማቻ ክፍል) ላይ የሊኒየጅን ሪከቨሪ (ስርዓቱ የሚጫንበትን ትንሽ ፕሮግራም) ይጽፋሉ፤ በሪከቨሪው ውስጥ ዳታውን ፎርማት ያደርጋሉ፤ ከዚያም ከኤዲቢ መቀበልን መርጠው የስርዓቱን ዚፕ ፋይል በሳይድሎድ ይልካሉ። ኮምፒውተሩ መቶኛውን እየቆጠረ ይሄድና በብዙ ስልኮች ላይ 47 ሲደርስ ይቆማል፤ ትእዛዙን ማንበብ አልተቻለም የሚል የስህተት መልእክት ጽፎ፣ በዚያው መስመር መጨረሻ ላይ ተሳክቷል ይላል። እርስ በርሱ የሚጣላ ይምሰል እንጂ ሥራው በትክክል አልቋል። መመሪያው ራሱ ይህን አስቀድሞ ይናገራል፤ ያላነበቡት ግን በድንጋጤ ኬብሉን ነቅለው እንደ አዲስ ይጀምራሉ። በዚህ ቅጽበት የሚታመነው የኮምፒውተሩ ቁጥር ሳይሆን በስልኩ ስክሪን ላይ የሚታየው ነው።

የጉግል መተግበሪያዎችን የሚፈልግ ሰው ስርዓቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሳቱ በፊት በዚያው ሪከቨሪ መጫን አለበት፤ ከተነሳ በኋላ የማከል ሐሳብ ብዙውን ጊዜ ዳግም መጥረግን ያስከትላል። የእርስዎ ዓላማ ፍተሻ ከሆነ ይህን እርምጃ ይዝለሉት። ስልኩ ሲነሳ ማንኛውንም መተግበሪያ ከመጫንዎ በፊት ይደውሉ፣ ፎቶ ያንሡ፣ ዋይፋይና ጂፒኤስ መሥራታቸውን፣ አይኤምኢአይ ቁጥሩ መታየቱን ያረጋግጡ፤ ጉድለት ካለ ምንጩ ስርዓቱ እንጂ የእርስዎ ኮድ እንዳልሆነ አሁን ማወቁ ኋላ ብዙ ፍለጋ ያተርፍልዎታል።

ሩት ማድረግ (በስልኩ ስርዓት ላይ ሙሉ ሥልጣን መያዝ) ያስፈልግ እንደሆነ ያነሡም ነበሩ። ለመተግበሪያ ማበልጸግ አያስፈልግም። የራስዎን መተግበሪያ በማረሚያ ሁኔታ ከገነቡት፣ ራን አዝ በተባለው የኤዲቢ ትእዛዝ የውስጥ ፋይሎቹንና ዳታቤዙን ያለ ሩት ማየት ይችላሉ። ከዚያ በላይ ካስፈለገም ሊኒየጅ ኦኤስ በገንቢ አማራጮች ውስጥ ለኤዲቢ ብቻ የሩት ሥልጣን የሚሰጥ ማብሪያ አለው፤ ሥራዎን ሲጨርሱ ያጥፉት። ስልኩን በቋሚነት ሩት ማድረግ የፍተሻውን ውጤት ያዛባል፤ ተጠቃሚዎችዎ እንደዚያ ያለ ስልክ አይዙምና።

ጥያቄ፦ አንድሮይድ ሰልችቶኛል። እውነተኛ ሊኑክስ የሚሠራበት ስልክ ይዤ ለእሱ መተግበሪያ መጻፍ እፈልጋለሁ። ኡቡንቱ ተች፣ ሴይልፊሽና ፖስትማርኬት ኦኤስ የሚሉ ስሞች ሰምቻለሁ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ ሦስቱም ሊኑክስ ይሁኑ እንጂ ለአበልጻጊ የሚሰጡት ሥራ በጣም ይለያያል።

ኡቡንቱ ተችን የጀመረው ካኖኒካል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 አስተዋውቆት በ2017 ሲተወው፣ ዩቢፖርትስ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበረሰብ ተረከበው። መተግበሪያዎቹ ኪውኤምኤል በተባለ ቋንቋ ይጻፋሉ፤ ክሊክ ተብሎ በሚጠራ ጥቅል ይታሸጋሉ። ክሊከብል የተባለው መሣሪያ አንዲት ትእዛዝ ሲሰጡት በኮንቴይነር (ከቀረው ኮምፒውተር በተነጠለ የሥራ ቦታ) ውስጥ ገንብቶ በኬብል በተያያዘው ስልክ ላይ ይጭንልዎታል፤ ለጀማሪ ከዚህ የሚቀል ነገር አላየሁም። መታወቅ ያለበት ጥብቅነቱ ነው። መተግበሪያው ከእይታ ሲወጣ ስርዓቱ ሥራውን ያስቆመዋል፤ በአንድሮይድ እንደለመዱት ከጀርባ እየሠራ አይቀጥልም። ሙዚቃ ማጫወቻ ወይም ፋይል የሚያወርድ መተግበሪያ ሊጽፉ ካሰቡ ስርዓቱ ለዚህ ባዘጋጃቸው አገልግሎቶች በኩል ማለፍ ይኖርብዎታል። በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ ከታች ያለው ከርነል (የስርዓቱ እምብርት) እና ሃርድዌሩን የሚያሠራው ድራይቨር የአምራቹ የአንድሮይድ ከርነልና ድራይቨር ነው፤ ሃሊየም የተባለው ድልድይ ያገናኛቸዋል። ስለዚህ ሃርድዌሩ በደህና ይሠራል፤ ከርነሉ ግን ያረጀ ሊሆን ይችላል። ድምፅን በ4ጂ የማስተላለፍ አገልግሎት በብዙ ስልኮች ላይ ስለሚጎድል፣ የቀድሞው ኔትወርክ በተዘጋበት አገር ስልኩ መደወል ላይችል ይችላል።

ሴይልፊሽ የፊንላንዱ ዮላ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ስልኩ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። የገጽታው ክፍል ምንጭ ኮዱ ሙሉ በሙሉ ክፍት አይደለም፤ የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን የሚያስኬደው ክፍልም በነጻው እትም ውስጥ አይገኝም። የገንቢ ሁኔታውን ከቅንብሮች ሲያበሩት ስልኩ ኤስኤስኤች በተባለው የርቀት መግቢያ በኩል ይከፈትልዎታል፤ የማበልጸጊያ ጥቅሉም (ኤስዲኬ) ሙሉ ነው። ቅር የሚለኝ ለረጅም ጊዜ የተጣበቀበት ኪውቲ 5.6 የተባለው የገጽታ መሥሪያ ማርጀቱ ነው፤ በኮምፒውተርዎ በአዲሱ ኪውቲ የለመዱትን ብዙ ነገር እዚያ አያገኙትም።

ፖስትማርኬት ኦኤስ የተለየ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረ ሲሆን መሠረቱ አልፓይን ሊኑክስ ነው፤ ዓላማውም ስልኮች አምራቾቻቸው ከሚወስኑላቸው ዕድሜ በላይ፣ እስከ 10 ዓመት እንዲያገለግሉ ማድረግ ነው። በተቻለ መጠን ከዋናው የሊኑክስ ከርነል ጋር ስለሚሠራ፣ ለኮምፒውተር በጂቲኬ ወይም በኪውቲ የጻፉት ፕሮግራም ለጠባብ ስክሪን ከተስተካከለ በዚያው ኮድ በስልኩ ላይ ይነሳል። ይህ ውበቱ ነው፤ ክፍተቱ ደግሞ በብዙ ስልኮች ላይ ካሜራው ወይም ጥሪው ወይም ሁለቱም አለመሥራታቸው ነው። ስልኮቹን በደረጃ ከፋፍሎ ስለሚያስቀምጣቸው፣ በሙከራ ደረጃ ላይ ያለውን ስልክ አይግዙ፤ በማኅበረሰብ ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ ያለውን ይምረጡ።

ከየትኛው ልጀምር ላሉት፣ የሊኑክስ ፕሮግራም ጽፈው የሚያውቁ ከሆነ ከፖስትማርኬት ኦኤስ እንዲጀምሩ እመክራለሁ፤ ፒኤምቡትስትራፕ የተባለው መሣሪያው ስርዓቱን ስልክ ሳይኖር በኮምፒውተር ላይ ኪውኢኤምዩ በተባለ ኢሙሌተር ያስነሳልዎታልና። ስልክ ሲገዙም ለሊኑክስ ተብሎ የተሠራው ፒንፎን ጥሩ መለማመጃ ነው። ኤስዲ ካርድ ከገባበት ከውስጥ ማከማቻው በፊት ከካርዱ ስለሚነሳ፣ ሦስት ስርዓት በሦስት ካርድ ጽፈው እያቀያየሩ፣ የስልኩን ማከማቻ አንድም ጊዜ ሳይነኩ መሞከር ይችላሉ። ከኋላ ሽፋኑ ሥር ሞደሙን፣ ዋይፋዩን፣ ማይክራፎኑንና ካሜራዎቹን የሚያቋርጡ ጥቃቅን ማብሪያዎች አሉት፤ የጆሮ ማዳመጫው ማብሪያ ሲጠፋ ደግሞ ያው ቀዳዳ የከርነሉን መልእክት የሚያነቡበት ሲሪያል መስመር ይሆናል። ፕሮሰሰሩ ግን ኦልዊነር ኤ64 ነው፤ አዝጋሚ ነው። በእሱ ላይ ሳይንቀራፈፍ የሄደ መተግበሪያ የትም ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ስርዓቱን ቀይሬ ሁሉም ደህና ሆኖ ሳለ የባንክ መተግበሪያዬ መሣሪያዎ አስተማማኝ አይደለም ብሎ አልከፈት አለኝ። ቡትሎደሩን መልሼ ብቆልፈው ይስተካከላል?

መልስ፦ በፍጹም እንዳይቆልፉት። ከላይ እንዳልነው በሊኒየጅ ኦኤስ ላይ ይህ ስልኩን ሊገድለው ይችላል፤ ቡትሎደሩ ሲቆለፍ የሚያምነው በአምራቹ ቁልፍ የተፈረመውን ስርዓት ብቻ ነውና። ለመቆለፍ ታስቦ የተሠራው ግራፊን ኦኤስ ነው፤ የራሱን ቁልፍ በፒክስሉ ውስጥ አስመዝግቦ ይቆለፋል፤ ሲነሳም የተለየ ስርዓት መጫኑን የሚገልጽ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ያሳያል።

መተግበሪያው የሚከለክልዎት ፕሌይ ኢንተግሪቲ ከተባለው የጉግል አገልግሎት በሚያገኘው ምላሽ ነው። ይህ አገልግሎት ሴፍቲኔት የተባለውን የተካ ሲሆን፣ ስልኩ ጉግል ያጸደቀውን ስርዓት መያዙን ይመሰክራል። ስለዚህ መቆለፉ ቢሳካ እንኳ ምላሹ ላይቀየር ይችላል። መሸወጃ መንገዶች እንዳሉ ይነገራል፤ ዛሬ የሠራው ነገ ስለሚዘጋ ጊዜዎን አያባክኑበት። የባንክ ጉዳይዎን ባልተነካ ስልክ ይጨርሱ፤ የማበልጸጊያው ስልክ ለብቻው ይሁን። አንዳንድ ለውጥ ጨርሶ እንደማይመለስም ይወቁ፤ በሳምሰንግ ስልኮች ያልተፈቀደ ስርዓት ሲጫን ኖክስ የተባለው ኤሌክትሮኒክ ፊውዝ ይቃጠላል፤ የፋብሪካው ስርዓት ቢመለስም ሳምሰንግ ፔይና ሴኩዩር ፎልደር አይመለሱም።

እርስዎ ራስዎ እንዲህ ያለ ጥበቃ የሚሻ መተግበሪያ ከሚጽፉት ወገን ከሆኑ፣ አንድሮይድ ራሱ ያለው የቁልፍ ማረጋገጫ አሠራር ከፕሌይ ኢንተግሪቲ የተሻለ ነፃነት ይሰጥዎታል። ስልኩ የተነሳበትን ስርዓት የፈራሚ ቁልፍ አሻራ ከሃርድዌሩ ስለሚነግርዎት፣ ግራፊን ኦኤስ በይፋ ያወጣቸውን አሻራዎች በዝርዝርዎ ውስጥ ማካተት ይችላሉ፤ ጥበቃው ሳይላላ እነዚህን ተጠቃሚዎችም አያባርሩም።

ጥያቄ፦ አዲሱን ስርዓት ከጫንኩ በኋላ ኮምፒውተሬ ስልኩን አንዳንዴ ጨርሶ አያየውም፤ አንዳንዴ ደግሞ ያልተፈቀደ ይለዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ያልተፈቀደ ሲል ግንኙነቱ ደህና ነው፤ ስልኩ የኮምፒውተርዎን ቁልፍ ገና አልተቀበለም። ስርዓቱ ሲቀየር ቀድሞ የተሰጡት ፈቃዶች ተጠርገዋል፤ የስልኩን ስክሪን ከፍተው ይህን ኮምፒውተር ፍቀድ የሚለውን መጠየቂያ ይጠብቁ። ካልመጣ በገንቢ አማራጮች ውስጥ የዩኤስቢ ማረሚያ ፈቃዶችን ይሰርዙ፣ ኬብሉን ነቅለው ይሰኩ። ጨርሶ ካላየው መጀመሪያ ኬብሉን ይቀይሩ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ዳታ የማያስተላልፉ ኬብሎች በዝተዋል። የዩኤስቢ ማከፋፈያ (ሀብ) ካለ ያስወግዱና በቀጥታ በኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩ። በዊንዶውስ ስልኩ በኤዲቢ ታይቶ ፋስትቡት ውስጥ ሲገባ ከጠፋ የጎደለው ድራይቨር ነው፤ በሊኑክስ ስልኩ ተዘርዝሮ ፈቃድ የለም ካለ ደግሞ የጎደለው ዩዴቭ የተባለው የመሣሪያ ፈቃድ ደንብ ነው። ይህ ሁሉ ካሰለቸዎ፣ ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ያሉ ስርዓቶች በዋይፋይ ማረምን ይፈቅዳሉ፤ ስልኩ የሚያሳየውን ባለ 6 አኃዝ ኮድ ኤዲቢ ፔር በሚለው ትእዛዝ አንዴ ማስገባት ይበቃል። ስርዓት ለመጫን ግን ይህ አይረዳም፤ ፋስትቡት የሚሠራው በኬብል ነው።